ጠይቃችሁ ትንሽ ዝም በሉ

ለመምህራን፦ ነገ ክፍል ስትገቡ ይህን ሞክሩ። ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ ማንንም ሳትጠሩ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ፤ በልባችሁ ቁጠሩ። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጣቻቸው ጥናቶች እንዳሳየችው፣ መምህራን በአብዛኛው መልስ የሚጠብቁት ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ጥበቃው ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም ብሎ መቅረት ይቀንሳል፣ ደካማ ተብለው የተፈረጁትም መናገር ይጀምራሉ።

በእኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነገሩ ይብሳል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው መልሱን ካገኘ በኋላም ዓረፍተ ነገር መሥራት አለበት። እስከዚያ የፊት ወንበሩ ልጅ "ቲቸር! ቲቸር!" እያለ እጁን አውጥቶ፣ ተጠርቶ፣ መልሶ ተቀምጧል። የኋላው ልጅ ማሰቡን ይተዋል፤ ለምን ይልፋ?

ይበልጥ የሚረሳው ግን ከመልሱ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ወዲያው "ጎበዝ" ወይም "ተሳስተሃል" አትበሉ። ትንሽ ስትጠብቁት ብዙ ጊዜ ራሱ ይቀጥላል፣ ምክንያቱንም ይጨምራል። ከተሳሳተ "እንዴት እዚህ ደረስህ?" በሉት። ክፍሉ ቢስቅ ሳቁን አስቁሙ፤ አብራችሁ ፈገግ ካላችሁ ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጁን ላያወጣ ይችላል።

መጀመሪያ ላይ ዝምታው ያስጨንቃል፣ በተለይ ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ተቀምጦ ሲታዘብ። "7 ሲባዛ በ8 ስንት ነው?" ለሚል ጥያቄ ደግሞ አያስፈልግም፤ ለ"ለምን" እና ለ"እንዴት" አቆዩት።