ሲሼልስ ላይ ስለ ትንንሽ ቢዝነስ ሲታሰብ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ሲሼልስ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን ነጭ አሸዋና ሙሽሮች ናቸው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ቪዛም አያስፈልግም ሲባል ደግሞ "እዛ ሄጄ አንድ ነገር ብከፍትስ" የሚል ሰው በዝቷል፣ ኢኮኖሚክስ የተማረው ደግሞ "ደሴት ነው፣ ቱሪዝም ነው፣ በቃ" ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ጋ የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ፣ እስቲ እንያቸው (ዓመቶቹም ወሮቹም ካልተባለ በስተቀር በፈረንጅ ናቸው)።

1. ቱሪስት ቆጥሮ ብሩ የት እንደሚገባ አለመጠየቅ

ዋናው ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። በ2019 ከ380 ሺ በላይ ጎብኚ ገብቷል፣ የአገሩ ህዝብ ግን 100 ሺ ገደማ ነው፣ እንዲህ ሲታይ ገንዘብ የሚዘንብ ይመስላል። ግን ሰውየውን ተከተሉት፣ ፓኬጁን ፓሪስ ወይ ፍራንክፈርት ቁጭ ብሎ ከፍሏል፣ የመጣው በውጭ አየር መንገድ ነው፣ የሪዞርቱ ባለቤት ውጭ ነው ያለው፣ ቁርስ ላይ የቀረበለት ቅቤ በኮንቴይነር የመጣ ነው፣ አስተናጋጁም ብዙ ጊዜ ከኬንያ ወይ ከስሪላንካ መጥቶ ደሞዙን ለቤተሰቡ የሚልክ ልጅ ነው። በወንፊት ውሃ መቅዳት ማለት ይሄው ነው።

አሁን ደግሞ ላ ዲግ የምትባለዋ ትንሿ ደሴት ላይ ቤቷን ጌስት ሃውስ ያደረገች ሴትዮ አስቡ። ዓሳውን ከጎረቤቷ ዓሳ አጥማጅ ትገዛለች፣ ፓፓያው ከጓሮ ነው፣ አንሶላውን የምታጥበው የሰፈር ልጅ ናት፣ እንግዳው ደግሞ ሳይክል ከሚያከራየው ልጅ ይከራያል ምክንያቱም እዛ መኪና ጥቂት ነው፣ ሰው የሚንቀሳቀሰው በሳይክል ነው። ያው አንድ መቶ ዩሮ ከደሴቷ እስኪወጣ ድረስ ሶስት አራት እጅ ዞረ ማለት ነው። ስለዚህ የትንንሽ ቢዝነስን ሚና "ስንት ሰው ቀጠረ" ብላችሁ ብቻ ከለካችሁት ግማሹን አላያችሁትም።

2. "ሎካል" የሚል ጽሁፍ ለጥፎ ዕቃውን ከውጭ ማምጣት

ዋና ከተማው ቪክቶሪያ ገበያው አካባቢ ዞር ዞር ብትሉ ሲሼልስ የሚል ስም የታተመበት ውጭ አገር የተሰራ ቲሸርት አታጡም። ይሸጣል፣ አይሸጥም አልልም፣ ግን ትርፉ ቀጭን ነው፣ ጎረቤትም በሳምንቱ ያንኑ ያመጣል። እዛው ገበያ የአገሩን ቀረፋና ቫኒላ የሚሸጡት የተሻለ ነገር ይዘዋል። ታካማካ የሚባለውን ረም ደግሞ እዩ፣ ሁለት ወንድማማቾች በ2002 ዋናዋ ደሴት ማሄ ላይ ጀመሩት፣ ከአገሬው ገበሬ ሸንኮራ እየገዙ፣ ዛሬ ወደ ውጭ ይላካል።

በነገራችን ላይ ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ትልቁ የዘንባባ ፍሬ በተፈጥሮ የሚበቅለው ፕራላንና ኩሪዩዝ ደሴቶች ላይ ብቻ ነው፣ ንግዱም በህግ የተያዘ ነው። ወረቀት የሌለውን በርካሽ ለቱሪስት መሸጥ እንግዳውን ኤርፖርት ላይ ማስያዝ ነው።

3. የምንዛሪውን ነገር መርሳት

እስከ 2008 ድረስ የአገሩ ገንዘብ ሩፒው በመንግስት ተመን ተይዞ ነበር፣ ባንክ ዶላር የለም፣ ጥቁር ገበያ አለ፣ ነጋዴው ዕቃ ማስገባት አቅቶት ሲንከራተት ነበር። በዛው ዓመት መንግስት የውጭ ዕዳውን መክፈል አቃተው፣ አይኤምኤፍ መጣ፣ ህዳር ላይ ሩፒው ተለቀቀና በአጭር ጊዜ ዋጋው ግማሽ ገደማ ወረደ። ይሄን ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም መቼም፣ በኛ 2016 ሐምሌ ላይ ብሩ የሆነውን ያየ ሁሉ ይገባዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ በሩፒ እየሸጠ በዶላር የሚገዛው ባለሱቅ ይጎዳል፣ በዩሮ እየተከፈለው ከሰፈር የሚገዛው ደግሞ ይተርፋል። ደሴት ላይ የቢዝነስ ፕላን ስትሰሩ ወጪያችሁ ስንት ፐርሰንቱ በመርከብ እንደሚመጣ ካላወቃችሁ ሂሳቡን ገና አልጀመራችሁም።

4. ለቱሪስት ብቻ መክፈት

በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ጎብኚው ወደ 115 ሺ ወረደ። መንግስት ለተወሰኑ ወራት የግል ድርጅት ሰራተኞችን ደሞዝ ደጎመ እንጂ ብዙ ቤት ተዘግቶ ይቀር ነበር። ትንሽ ቢዝነስ ቀልጣፋ ነው ይባላል፣ እውነት ነው የሚሆነው ግን የሚዞርበት ሌላ ደንበኛ ካለው ነው። የሰፈሩ ሰው ምሳ የሚገዛበት ቴክአዌይ ወይ ዳቦ ቤት ቢያንስ የሚሸጥለት ሰው እዛው ሰፈር አለ፣ ስኖርክሊንግ (ጭንብል አድርጎ ባህር ውስጥ ማየት) ብቻ የሚያስጎበኝ ጀልባ ግን ማንን ይጭናል?

5. የገበያውን መጠን መርሳት

መቶ ሺ ሰው ከአንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ያንሳል። እሱም በደሴቶች ተከፋፍሎ ነው፣ ላ ዲግ የሚሄድ ሲሚንቶ ማሄ ደርሶ እንደገና ጀልባ ይሳፈራል። እዚህ እንደምናደርገው አንዱ ጁስ ቤት ሲከፍት አምስት ሰው ጎን ለጎን ከከፈተ ሁሉም ይከስራል።

6. ኢንሹራንስን እንደ ቅንጦት ማየት

ማሄ ተራራ ነው፣ ሜዳ መሬት የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ጋራዡም መጋዘኑም ወርክሾፑም ፕሮቪደንስ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ተጠጋግቶ ነው ያለው። ታህሳስ 7 ቀን 2023 እዛ የነበረ የፈንጂ መጋዘን ፈነዳ፣ በዛው ሰሞን ጎርፍም ነበር፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ትልቅ አገር ላይ አንድ ሰፈር ሲወድም ከሌላ ከተማ ዕቃና ባለሙያ ይመጣል፣ እዛ ግን ሌላ ከተማ የለም፣ ኢንሹራንስ ያልገባ ሰው ከምን ይነሳል?

7. ቪዛ የለም ማለትን ፈቃድ አለ ማለት አድርጎ መውሰድ

ይሄ በተለይ ለኛ ሰው ነው። ለጉብኝት ቪዛ ባይጠየቅም ከበረራ በፊት የጉዞ ፈቃድ ኦንላይን ይሞላል። መስራት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ለውጭ ዜጋ የስራ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ንግዱም የራሱ ላይሰንስ አለው፣ ትንንሽ ማረፊያዎችን የመሳሰሉ ዘርፎች ደግሞ ለአገሩ ዜጋ የተከለሉ ናቸው። ተገቢ ነው ባይ ነኝ፣ ያቺ የላ ዲጓ ሴትዮ ቦታ በውጭ ሰው ከተያዘ ብሩ መልሶ ይወጣላ። ከደሴቷ ጋር መስራት የፈለገ ሰው እዛ ሄዶ ከሷ ጋር ከሚወዳደር ለሷ አቅራቢ ቢሆን ይቀለዋል፣ የተቆላ ቡና በካርጎ መላክ ለምሳሌ (አዎ፣ እሱም ኢምፖርት ነው፣ ግን ቡናውን መቼም ከሆነ ቦታ ማስገባታቸው አይቀርም)። መጀመሪያ ግን ኪሎው በስንት እንደሚጫን ጠይቁ፣ ብዙ ሀሳብ የሚሞተው እዛ ላይ ነው።