ትራክተሩ እምቢ ሲል፦ ለጀማሪ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ላይ ትንሽ ትራክተር መንዳት ስጀምር፣ ከማሽኑ ይልቅ ያስቸገረኝ ቀዩ ጭቃና ዳገቱ ነው። ያኔ የገጠመኝን ችግር፣ ምክንያቱንና መፍትሄውን ልንገራችሁ።

ቁልፉን ስታዞሩት ዝም ይላል

ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ተቃጠለ ከማለታችሁ በፊት እግራችሁን እዩ። አብዛኛው ትንሽ ትራክተር ፍሪሲዮኑ (የግራ እግር ፔዳሉ) እስከ መጨረሻ ካልተረገጠ፣ ማርሹ ፎሌ (ነፃ) ካልሆነ ወይም ለኋላው መሣሪያ ኃይል የሚሰጠው ዘንግ ከሥራ ውጭ ካልሆነ አይነሳም። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። እኔ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ባትሪ ስፈታ ስገጥም ቆየሁ። ያስተማረኝ ሰው መጥቶ ፍሪሲዮኑን ጥርቅም አድርጎ ረገጠው፤ ወዲያው ተነሳ። እሱም ካልሆነ የባትሪውን ጫፎች እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዛቸው፣ ኔጌቲቩን አስቀድማችሁ ፍቱና በሽቦ ብሩሽ አጽዱ።

ይነሳል፣ ወዲያው ይጠፋል

ብዙ ጊዜ ናፍጣው ውስጥ ውሃ ገብቷል። በክረምት ጋኑ ግማሽ ሆኖ ካደረ፣ ባዶው ቦታ ላይ እርጥበት ጠል ይሆንና ወደ ናፍጣው ይወርዳል። ፊልትሮው ሥር ያለችውን ኩባያ በባትሪ መብራት እዩ። ውሃ ካለ ከሥር ይቀመጣል፤ ከናፍጣው ተለይቶ ይታያል። አፍስሱት። ማታ ጋኑን ሞልታችሁ ብታሳድሩት ደግሞ ችግሩ ይቀንሳል። ናፍጣ ጨርሶ ቆሞ ከሆነ ግን መስመሩ አየር ይዟል። የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ላላ አድርጉና፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ በእጅ ፖምፓው ግፉ።

ጭቃ ውስጥ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል

ነዳጅ ስትሰጡት ይብስበታል፤ ራሱን ይቀብራል። ማርሹን ዝቅ አድርጉ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ የሚያስረውን ፔዳል ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ብቻ ርገጡ፤ ከመታጠፋችሁ በፊት ልቀቁት። ሌላ ትራክተር ሲጎትታችሁ ገመዱ የሚታሰረው ዝቅ ብሎ ባለው መጎተቻ ላይ ነው። የሚጎትተው ትራክተር ገመዱን ከኋላ ጎማዎቹ አክሰል በላይ ካሰረ አፍንጫው ተነስቶ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል።

ቁልቁለት ላይ ይሮጥባችኋል

በጣም የምፈራው ይሄን ነው። ጅማ አጠገብ በዴዶ በኩል ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ ይገባዋል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ ማድረግ፣ ወይም መሀል ላይ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን መርገጥ። ያኔ ሞተሩ አይዛችሁም፤ ተጎታቹ የጫነው በቆሎ ከኋላ ይገፋችኋል። ዝቅተኛውን ማርሽ አፋፉ ላይ ሳላችሁ ምረጡ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን አትንኩ። ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎች አንድ ላይ ማሰርም አትርሱ፤ አንዱን ብቻ ከረገጣችሁ ትራክተሩ ወደዚያ ጎን ይጠመዘዛል። ከጀርባችሁ ያለው የመገልበጫ መከላከያ ብረት ቆሞ ከሆነ ቀበቶውን እሰሩ። ብረቱ ያለ ቀበቶ ብዙም አያድንም።

ሙቀቱ ይጨምራል

ገለባና ብናኝ የራዲያተሩን ወንፊት ደፍኖታል። አጥፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ጥረጉ። ክዳኑን በትኩስነቱ አትክፈቱ።

ሰው ጎማ መሸፈኛው ላይ ይቀመጣል

ይሄ የማሽን ችግር አይደለም፤ ግን ጅማ ላይ በየቀኑ የማየው ነው። አንድ ጉድጓድ ይበቃል፤ የሚወድቀው ከኋላው ጎማ ፊት ነው። ወንድሜም ቢሆን አላስቀምጠውም፤ በእግሩ ይምጣ።