ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ውሃ እንዴት ይቆጠባል?

ስለ ውሃ ቁጠባ ሲነሳ ጥርስ ስትቦርሹ ቧንቧውን ዝጉ የሚለው ምክር ይቀድማል። ዝጉት፤ ክርክር የለውም። ውሃ በፈረቃ በሚደርሰው የአዲስ አበባ ቤት ግን ብዙ ውሃ ሊባክን የሚችለው ሰው ቧንቧው አጠገብ በሌለበት ሰዓት፣ በተለይም ሌሊት ነው። ስለዚህ ከቆጣሪው ጀምሩ።

ውሃው በደንብ ባለበት ቀን የቤቱን ቧንቧ ሁሉ፣ ወደ ሮቶው የሚወስደውን መዝጊያ ጭምር ዝጉ። የቆጣሪውን ቁጥር ጽፋችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኪዩብ ይቆጥራሉ፤ አንዱ 1000 ሊትር ነው። ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ያሳያሉ። ቀዩ ከተንቀሳቀሰ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ውሃው ገና እንደመጣ ግን አትፈትሹ። በቧንቧው የታመቀ አየር ቆጣሪውን ሊያዞረው ስለሚችል፣ የሌለ ፍሳሽ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የሚያገኘው ከሮቶው ከሆነ ይህ ፍተሻ አይነካውም፤ ለብቻው መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ሌባው እዚያ ነው። ድምፅ ሳያሰማ በቀጭኑ ስለሚወርድ ዓይን አይይዘውም። የሳጥኑን ክዳን ከፍታችሁ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ጨምሩበት፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንም እንዳይለቀው ተናገሩ። መቀመጫው ውስጥ ቀይ ካያችሁና ውሃው ሳጥኑ መሃል ወደቆመው ቱቦ አፍ የማይገባ ከሆነ፣ ከታች ያለው የጎማ መድፈኛ አልገጠመም ማለት ነው። ለመግዛት አትሮጡ። ውሃውን ከሳጥኑ አፍስሱና ጎማውንም የሚያርፍበትንም ጠርዝ በአቼቶ እሹት፤ የተጋገረው ነጭ ነገር ሲለቅ ብዙው ይስተካከላል። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን መለወጥ ነው፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ መጠኑ ከሳጥን ሳጥን ይለያያል። ውሃው ወደዚያ ቱቦ አፍ እየገባ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ሳጥኑ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው የተንሳፋፊው ነው። ውሃው ከቱቦው አፍ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም አስተካክሉት።

ሳጥኑ ውስጥ ጡብ አስቀምጡ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ጡብ እየተፈረፈረ አሸዋው ያንኑ የጠገናችሁትን ጎማ ይበላዋል። አሸዋ ሞልታችሁ የከደናችሁት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይሻላል፤ በተለቀቀ ቁጥር ግማሽ ሊትር ያስቀራል። ተንሳፋፊውን እንዳይነካ ብቻ ጥግ አስይዙት።

የሚንጠባጠብ ቧንቧን አጥብቆ መዝጋት ጎማውን ይጨርሰዋል እንጂ መፍትሔ አይደለም። ዋናውን መዝጊያ ዘግታችሁ ጎማውን ለውጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው የልማድ ጉዳይ ነው። የልብስ መጨረሻ ማለቅለቂያ ውሃ በባልዲ የመጸዳጃው መቀመጫ ውስጥ ቢደፋ ሳጥኑን ይተካል። አትክልት የታጠበበት ለጓሮው ይሆናል፤ በረኪና የገባበት ግን ተክሉን ስለሚጎዳ ለወለል ይዋል። የሻወሩ ሙቅ ውሃ እስኪመጣ የሚወርደውንም ባልዲ አስቀምጣችሁ ተቀበሉት።

አንድ የማልወደው ልማድ አለ፤ አዲስ ውሃ ሲመጣ በጀሪካን የነበረውን መድፋት። ከተከደነና ጀሪካኑ ንጹሕ ከሆነ ምን አጠፋ? ለመጠጥ ባታምኑት እንኳ ለልብስና ለወለል ይበቃል። የቆየውን ከፊት፣ አዲሱን ከኋላ ደርድሩ።

ውሃ በጠፋበት ቀን ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ቧንቧ መዘጋቱን እዩ፤ መጥቶ እንደሆነ ለማየት የተከፈተ ቧንቧ ተረስቶ ይቀራል። የሮቶው ተንሳፋፊ የሚሠራ ከሆነ ክፍት መተው ያለበት ወደ እርሱ የሚሄደው መስመር ብቻ ነው።