በጃፓን የሚያጋጥማችሁ የመጀመሪያው ታይፎን፦ ከሰሜን ሸዋ ለመጡ አዲስ ነዋሪዎች

ለትምህርት ወይም ለሥራ በመስከረም ጃፓን የሚገቡ የሰሜን ሸዋ ልጆች የሚደርሱት አገሩ ታይፎን፣ ማለትም ከውቅያኖስ የሚነሣ ብርቱ የነፋስና የዝናብ ማዕበል፣ በሚጠብቅበት ወቅት ነው። ከቡሄ እስከ መስቀል ባሉት ሳምንታት፣ በደብረ ብርሃን ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ፣ በኦኪናዋ፣ በኪዩሹና በቶኪዮ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ዓይኑን ከአየር ትንበያው ላይ አይነቅልም። በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖስ በዓመት በአማካይ 25 ያህል ታይፎኖች ይፈጠራሉ። ከእነዚህ ውስጥ 12 ያህሉ ወደ ጃፓን የሚጠጉ ሲሆን፣ የብስ ላይ የሚወጡት 3 ያህል ናቸው።

ታይፎን ኃይሉን የሚያገኘው ከ26 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ከሞቀ የባሕር ውኃ ነው። ከባሕሩ የሚነሣው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን ሙቀት ይለቃል፤ ይህም ሙቀት አየሩን እያነሣ ነፋሱን ያበረታዋል። በጃፓን የሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ መለኪያ መሠረት የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ 17.2 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 62 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲደርስ ታይፎን ይባላል፤ እጅግ ብርቱ የሚባለው ደግሞ በሰከንድ ከ54 ሜትር ይጀምራል። የጣርማ በርን ነፋስ እየተጋፈጠ ያደገ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ሰምቶ ላይደነግጥ ይችላል። ነገር ግን ታይፎን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስፋት ይዞ የሚጓዝ፣ ለሰዓታት ሳያቋርጥ የሚያዘንብና ባሕሩን አስነሥቶ የሚያመጣ በመሆኑ ከደጋው ነፋስ ጋር አይወዳደርም። በእኔ እምነት አዲስ መጪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፣ ሰውን የሚያስፈራው የነፋሱ ጩኸት ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ሕይወት የሚያጠፋው ውኃው መሆኑን ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ጥቅምት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2019) በኢዙ ባሕረ ገብ መሬት በኩል የገባው ሃጊቢስ የተባለው ታይፎን ነው። ሃኮኔ በተባለችው ተራራማ ከተማ በዚያ አንድ ቀን ብቻ 922.5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ፤ ይህ ብዙ የደጋ ወረዳ በዓመት ከሚያገኘው ዝናብ ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው። በናጋኖ የቺኩማ ወንዝ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግድብ የተደረመሰው ግን በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ነበር። ውኃው የባቡር ማቆሚያ ግቢውን ጭምር አጥለቅልቆ የ10 ፈጣን ባቡሮችን ፉርጎዎች ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። በሸዋ ሮቢት በኩል ያደገ ሰው፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ ከደጋው የዘነበው ውኃ ወንዙን በድንገት እንደሚያስሞላው ያውቃል፤ በጃፓንም ዝናቡ ስላባራ ወደ ወንዝ ዳር ወርዶ ማየት ወይም ፎቶ ማንሣት በየዓመቱ ሰው የሚሞትበት ድርጊት ነው። ቤታችሁ ከገደል ሥር ከሆነ ደግሞ ናዳውን አስቡ፤ ይህን ለደብረ ሲና ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ባሕር በሌለው አገር ያደግን ሰዎች ጨርሶ የማናውቀው አደጋ የባሕሩ ከፍታ መጨመር ነው። በታይፎኑ መካከል የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ባሕሩ ወደ ላይ ይነሣል፣ ነፋሱም ውኃውን ወደ ባሕር ዳርቻው ይገፋዋል፤ የግፊቱ መቀነስ ብቻ በአንድ ሄክቶ ፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። ነሐሴ 29 ቀን 2010 ዓ.ም. ጄቢ የተባለው ታይፎን ኦሳካን ሲመታ የባሕሩ ከፍታ 3.29 ሜትር ደረሰ። በሰው ሠራሽ ደሴት ላይ የተገነባው የካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ በውኃ ተጥለቀለቀ፤ ከየብስ ጋር የሚያገናኘውን ድልድይም ከመልሕቁ የተላቀቀ የነዳጅ መርከብ ስለመታው በሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች እዚያው አደሩ። ስለዚህ ቤት ስትከራዩ ከባቡር ጣቢያው ያለውን ርቀት ብቻ ሳይሆን ከባሕሩና ከወንዙ ያለውን ከፍታም ጠይቁ።

ይህን ለማወቅ የሚረዳው የአደጋ ካርታ ከማዘጋጃ ቤቱ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ በብዙ ከተሞች በእንግሊዝኛም ይታተማል። አድራሻችሁን በ14 ቀን ውስጥ ለማስመዝገብ በምትሄዱበት ዕለት ካርታውን አብራችሁ ጠይቁና ቤታችሁ ያለበት ቦታ በምን ቀለም እንደተቀባ፣ ውኃው ስንት ሜትር ሊደርስ እንደሚችልና የቅርቡ መጠለያ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ተመልከቱ። መጠለያው ለውጭ አገር ዜጋም ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። ማስጠንቀቂያው ከ1 እስከ 5 ባሉ ደረጃዎች ይነገራል። ደረጃ 3፣ ቀለሙ ቀይ፣ አረጋውያንና ለመንቀሳቀስ ጊዜ የሚወስድባቸው ሰዎች እንዲወጡ የሚታወጅበት ነው። ደረጃ 4፣ ሐምራዊው፣ በአደገኛው ቀጠና ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዲወጣ የሚታዘዝበት ነው። ጥቁሩ ደረጃ 5 አደጋው ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው ማለት ስለሆነ፣ እሱን መጠበቅ መውጫው ከተዘጋ በኋላ እንደ መነሣት ነው። ሕፃን ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት በደረጃ 3 ይውጣ። ሰዓቱንም በጥንቃቄ አንብቡ፤ በትንበያው 6፡00 ተብሎ የተጻፈው የእኛ የጠዋቱ 12 ሰዓት፣ 18፡00 የተባለው ደግሞ የምሽቱ 12 ሰዓት ነው።

ታይፎን እንደ ምድር መንቀጥቀጥ በድንገት አይመጣም፤ ከቀናት በፊት ይነገራል፤ ሥራውም የሚሠራው በእነዚያ ቀናት ነው። ከበረንዳው ጀምሩ። የልብስ ማስጫውን ዘንግ አውርዳችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ በነፋስ የተነሣ ዘንግ የጎረቤትን መስታወት ሰብሮ ይገባልና። የአበባ ማሰሮውንና የበረንዳ ጫማውንም አስገቡ። የበረንዳውን የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ከቅጠልና ከአፈር አጽዱ፤ እሱ ከተደፈነ ውኃው በበሩ ሥር ወደ ክፍሉ ይገባል። መስኮቱ የብረት ወይም የእንጨት መዝጊያ ካለው ዝጉት፤ ከሌለው መጋረጃውን ጋርዳችሁ ራቅ ብላችሁ ተኙ። መስታወቱ ላይ ፕላስተር መለጠፍ ስብርባሪው እንዳይበተን ይረዳ እንደሆነ እንጂ መስታወቱን ከመሰበር አያድነውም።

ለመጠጥ በቀን ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውኃ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን የሚበቃ አስቀምጡ። የመታጠቢያ ገንዳውንም ሙሉት፤ በብዙ ፎቆች ውኃው የሚወጣው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱና ውኃውም አብረው ይቆማሉ። መብራት ይመለሳል ብላችሁ አትተማመኑ። በጳጉሜን 2011 ዓ.ም. ፋክሳይ የተባለው ታይፎን በቺባና በአካባቢው ከ900,000 በላይ ቤቶችን መብራት ያሳጣ ሲሆን፣ በአንዳንድ መንደሮች ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይመለስ ቆይቷል። ማዕበሉ አንድ ቀን ሲቀረው የሱቆቹ መደርደሪያ ከዳቦና ከውኃ ባዶ ስለሚሆን ቀደም ብላችሁ ግዙ። ለምግብ ግን የመንዝና የደብረ ብርሃን ልጅ ከማንም የተሻለ ስንቅ አለው፤ በሶ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ውኃ ብቻ ይበቃዋል። በመጠለያ የሚታደለው ሩዝ ዓሣ ወይም ሥጋ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በፍልሰታ ወይም በዓርብ ለሚጾም ሰው በሶና ቆሎ መያዝ ያሳርፈዋል። ቋንጣ ግን የሥጋ ውጤት ስለሆነ ጃፓን አያስገባም፤ እናት አዘጋጅታ ብትልከውም ከጉምሩክ አያልፍም። የእጅ ባትሪ፣ የተሞላ ፓወር ባንክና ጥሬ ገንዘብ አጠገባችሁ ይሁን። መብራት ጠፋ ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ግን መርዛማው ጭስ ስለሚገድል ፈጽሞ አይሞከርም።

በዕለቱ የባቡር ድርጅቶች አስቀድመው አስታውቀው አገልግሎት ያቆማሉ፤ ስለዚህ ለአሠሪያችሁ ወይም ለመምህራችሁ ከዋዜማው ንገሩ። ዣንጥላ አይረዳም፤ ነፋሱ ቀልብሶ ሰውን ይጥላል። ሌሊት ነፋሱ በድንገት ጸጥ ቢል የታይፎኑ መካከል በላያችሁ እያለፈ ሊሆን ስለሚችል አትውጡ፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመለሳል።

ወላጆችንም አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ክፉኛ የተመታውን ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ መንዝ ያለች እናት «ልጄ፣ አገሩን ውኃ በላው አሉ፤ አለህ ወይ?» ብላ ብትደውል አይፈረድባትም። የምትኖሩበትን ከተማ ስም ጽፋችሁ ላኩላት፤ ኪዩሹ ሲመታ ሰንዳይ ያለ ሰው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚርቅ ንገሯት። ጃፓን ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ታይፎኑ ለእናንተ በእኩለ ሌሊት የሚደርስ ከሆነ ለእሷ ገና የምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ እስኪነጋ ላትደውሉ እንደምትችሉ ቀድማ ብታውቅ ሌሊቱን በጭንቀት አታድርም።

ውኃ ቤታችሁ ከገባ ጭቃውን ከማጽዳታችሁ በፊት ቤቱን ከውጭ በአራቱም ማዕዘን፣ ከውስጥ ደግሞ በግድግዳው ላይ ውኃው የደረሰበትን ምልክት በሜትር እየለካችሁ ፎቶ አንሡ። ማዘጋጃ ቤቱ የአደጋ ተጎጂነት ማረጋገጫ የሚሰጠው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ እርዳታም ሆነ የግብር ቅነሳ የሚጠየቀው በዚያ ወረቀት ነው። ከቤት ኪራዩ ጋር የገባችሁት የእሳት ኢንሹራንስ የጎርፍ ጉዳትን ላይሸፍን ስለሚችል ውሉን አሁኑኑ አስነብቡ። የራሰውን ፍራሽና ዕቃም ማዘጋጃ ቤቱ ለዚሁ ወደሚለየው ቦታ ውሰዱት እንጂ በተለመደው የቆሻሻ ማስቀመጫ አትጣሉት።