የጅማ ጓሮ በመፀው፦ አትክልት፣ ንባብና ሙዚቃ

መስከረም ተጋምሶ ዝናቡ መሳሳት ሲጀምር የጅማ መሬት ገና ውሃ እንደ ጠገበ ነው፤ ፀሐዩም ለለጋ ችግኝ የሚበቃውን ያህል ይወጣል። ለጓሮ አትክልት ጀማሪ ከዚህ የተመቸ ወቅት እምብዛም የለም፤ በክረምቱ እምብርት የተዘራ ዘር በጎርፍ ይጠረጋል፣ በጥር የተዘራ ደግሞ ጠዋት ማታ ውሃ ይጠይቃል። ጓሮ ከሚወስደው ጊዜ ግን አብዛኛው የመቆፈሪያ ሳይሆን የመጠበቂያ ነው። ስለዚህ መደቡን ሲያዘጋጁ በመጠበቂያው ጊዜ የሚያነቡትንና የሚያደምጡትን አብረው ቢያሰናዱ፣ እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወራት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ደስታ ይሰጡዎታል።

የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር አይብለጥ። ከግራም ከቀኝም እጅዎን ሲዘረጉ መሐሉ ላይ መድረስ አለብዎት፤ አፈሩን መርገጥ ካስፈለገ መደቡ ሰፍቷል ማለት ነው። ርዝመቱ ለጀማሪ 3 ሜትር ይበቃል፤ ገና በመጀመሪያው ዓመት ግቢውን በሙሉ የሚቆፍር ሰው ብዙውን ጊዜ በኅዳር የሚያጭደው አረም ነው። ድንገት የሚወርድ ዝናብ ሥሩን እንዳያበሰብስ ከመተላለፊያው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት። የአካባቢው ቀይ አፈር ጥልቀት ያለውና ለም ቢመስልም አሲዳማነት ያጠቃዋል፤ አሲዳማ አፈር ፎስፈረስን አስሮ ስለሚይዝ ተክሉ ምግብ እያለ ተርቦ ይቀጭጫል። የማገዶ አመድ ይህን ያለዝባል። በ1 ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ ያህል በትነው ከአፈሩ ጋር ይቀላቅሉ፤ ድንች በሚተከልበት ቦታ ግን አይጨምሩ፣ የድንችን ልጣጭ የሚያሻክረው የእከክ በሽታ አሲዱ በቀነሰበት አፈር ይበረታልና።

በጅማ የቡና ገለባ እንደ ልብ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ትኩሱን አምጥቶ መደብ ላይ ይደፋዋል። ይህ አይመከርም፤ በውስጡ ያለው ካፌይን ለጋ ችግኝን ይጎዳል፣ ገለባውም በሚበሰብስበት ጊዜ ለተክሉ የሚያስፈልገውን ናይትሮጂን ይሻማል። ከከብት ፍግና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር በንብርብር ከምረው፣ እርጥበቱን እየጠበቁና እያገላበጡ ቢያንስ 3 ወር ያብላሉት። ጠቁሮና ተፈርፍሮ የአፈር ሽታ ሲይዝ ደርሷል። ለዚህ ወቅት ካልደረሰልዎት በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይጠቀሙ።

በዚህች መደብ ላይ ቆስጣ፣ ካሮትና ሰላጣ ቢዘሩ፣ በጠርዙም ጥቂት የሐበሻ ጎመን ቢያክሉ ለአንድ ቤተሰብ ጥሩ ጅምር ነው። ቲማቲም እንዳያጓጓዎት፤ አየሩ እርጥብ እስከ ሆነ ድረስ ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቀው በሽታ ስለማይለቀው፣ ችግኙን ዝናቡ ጨርሶ ካቆመ በኋላ መትከል ይሻላል። የካሮት ዘር ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት፣ በቀጥታ በመደቡ ላይ ይዝሩት፤ አዛውረው ቢተክሉት ሥሩ ይጣመማል። ለመብቀልም እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላልና ተስፋ ቆርጠው መሬቱን እንዳይገለብጡ። ሰላጣ ግን በሳምንት ጊዜ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ትዕግሥት ለሌለው ሰው የሚበጀው እሱ ነው።

የቆስጣን ዘር ቀረብ ብለው ቢያዩት ሻካራና ወጣ ገባ ያለ ነው፤ አንድ ፍሬ የሚመስለው በእርግጥ የጥቂት ዘሮች ጥቅል በመሆኑ፣ በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ቡቃያ ተቃቅፎ ይወጣል። ብርቱውን ትተው ሌላውን በጥፍርዎ ከመሬት እኩል ይቁረጡት፤ ከሥሩ ቢነቅሉት የሚቀረውንም ያናጉታል። ለዚህ ሥራ ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ተወዳዳሪ የለውም። ዝቅ ያለ ከመሆኑም በላይ፣ ሦስት እግር ያለው መቀመጫ ወጣ ገባ መሬት ላይ ሳይወዛወዝ ስለሚቆም፣ በአንድ እጅ እያረሙ በሌላው መጽሐፍ መያዝ ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሁሉም መጽሐፍ ለጓሮ አይሆንም። በማረሚያና በማሳሻ ሰዓት የሚስማማው ግጥም ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሰምና ወርቅ ያለው አጭር ቅኔ። ሁለት መስመር ጮክ ብለው አንብበው መጽሐፉን ይክደኑና፣ እጅዎ አረም ሲለቅም አእምሮዎ ወርቁን ይፈልግ፤ ሁለቱን ትርጉም የያዘውን ኅብረ ቃል ካላገኙት ደግመው ያንብቡት። ረጅም ልቦለድን ግን ለማታ ያቆዩት፣ ምዕራፉን በየመሐሉ እየተነሡ ውሃ በማጠጣት መቆራረጥ ለደራሲውም ለቆስጣውም አይበጅም። መጽሐፍዎን በጋዜጣ ይሸፍኑት፤ በቤት ውስጥም መደርደሪያውን ከውጭው ግድግዳ ጥቂት ያርቁት፣ በጅማ እርጥበት ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ መጽሐፍ ሻጋታ አያጣውምና። ዝናብ በቆመበት ደረቅ ቀን ገጾቹን ገልጦ ጥላ ውስጥ ማናፈስ ይረዳል።

ሙዚቃውን በሚመለከት የጅማ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም፤ የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው። ሥራዎቻቸውን ለማድመጥ ጥሩው ሰዓት ከአመሻሽ በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ ሲጠጣ ነው። መጀመሪያ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውን ቤዝ ብቻ ይከተሉ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው ዙር ቫይብራፎኑን፤ ይህ በመዶሻ የሚመታ የብረት መሣሪያ ከሥሩ ባሉት ተሽከርካሪ ክቦች ምክንያት ድምፁ ይርገበገባል። አምስት ድምፅ ያላቸውን የአገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር እንዴት እንዳዋሐዱ የሚገባዎት በሦስተኛው ዙር ይሆናል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለይቶ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው፣ አንዱን ቅኝት ለአንድ ሳምንት ማድመጥና ውሃ ሲያጠጡ ማንጎራጎር ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ድምፁ ለጎረቤት የሚተርፍ እንዳይሆን መጠንቀቅ ግን ጨዋነት ነው።

ጠዋት መጽሐፉንም ሙዚቃውንም ከመክፈትዎ በፊት መደቡን ይዙሩ። ችግኝ ከግንዱ ተቆርጦ ወድቆ ካገኙ፣ ሌሊት የሚበላው ቆራጭ ትል ከአጠገቡ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆፈር ቢያደርጉ ተጠቅልሎ ይገኛል። በጎመን ቅጠል ሥር ክሽክሽ የሚባሉትን ጥቃቅን ተባዮች ካዩ በተበረዘ የሳሙና ውሃ ይርጩት፤ መድኃኒት ለመግዛት ለመሮጥ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ጓሮዎ ጫካ አጠገብ ከሆነ ጦጣዎች ካሮቱን ከእርስዎ ቀድመው ሊቀምሱት ስለሚችሉ፣ በርጩማዎ ላይ ለመቀመጥ ሌላ ምክንያት አገኙ ማለት ነው።

ቆስጣው በ2 ወር ገደማ ይደርሳል። የውጭ ቅጠሎቹን ብቻ እየቆረጡ ከመሐል አራት አምስቱን ቢተዉለት ለወራት ይመግብዎታል። ካሮት እስከ 3 ወር ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ትከሻው ከአፈሩ በላይ ሲታይ መደቡን አጠጥተው ይንቀሉት፣ በደረቅ አፈር ከተጎተተ መሐሉ ላይ ይሰበራል። በተነቀለው ቦታ እንደገና ሰላጣ መዝራት ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ በጋው ስለሚገባ ግን በየቀኑ ቀድተው የሚያጠጡትን ያህል መስመር ብቻ ይዝሩ።