ከጎጃም ወደ ካናዳ፦ የትዳር ፋይል የሚያበላሹ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ሰነድ እተረጉማለሁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልደት ካርድ፣ የፍቺ ውሳኔ። ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ካናዳ ያለ ባል ወይም ካናዳ ያለች ሚስት ስፖንሰር ያደረጓቸው ናቸው። ከቡሬም፣ ከሞጣም፣ ከደብረ ማርቆስም ይመጣሉ። ወረቀታቸውን ስገልጥ የፋይሉ ችግር ወዲያው ይታየኛል። አብዛኛው ሳይላክ በፊት የሚስተካከል ነበር። ሰዉ ግን የሚመጣው ከተላከ በኋላ ነው፤ አንዳንዱም እምቢታው ከደረሰው በኋላ።

ልጅ መደበቅ

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በገጠሩ ብዙ ልጃገረዶች በልጅነታቸው ይዳሩ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ብዙው ጋብቻ ፈርሷል። የተወለደው ልጅ አያቱ ጋ አድጓል። እናቱ ከዓመታት በኋላ ካናዳ የሚኖር ሰው ታገባለች። ፎርሙ ላይ የልጆች ዝርዝር ይጠየቃል። ይሄኔ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ብቅ ይላል። «ልጁን አታስገቢው፣ ነገሩን ያወሳስበዋል። ደርሰሽ ትወስጂዋለሽ» ይላታል።

ደርሳ አትወስደውም! የካናዳ ኢሚግሬሽን ደንብ ቁጥር 117(9) ግልጽ ነው። ቋሚ ነዋሪ ሆና ስትገባ ያላስመዘገበችው፣ በዚህም ምክንያት ያልተመረመረ ልጅ በኋላ በቤተሰብ ስፖንሰር ሊሄድ አይችልም። ይህ ክልከላ የጊዜ ገደብ የለውም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጊዜያዊ ፖሊሲ ጠባብ በር ተከፍቷል። ግን ሁሉንም አይሸፍንም። ጊዜያዊ በሆነ ነገር ላይ ደግሞ የልጅ ዕድል አይጣልም።

ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ካለ ገጠር አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን የልደት ካርድ ይዘው መጡ። ልጃቸው ካናዳ ገብታለች። አሁን ልጇን ልታስመጣ ነው። «ቶሎ ተርጉምልኝ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ይሂድ» አሉኝ። ስትሄድ ልጁን አስመዝግባው እንደነበር ጠየቅኳቸው። «ኧረ የለም፣ ባሏ አያውቅም ነበር» አሉ። ልጁ አጠገባቸው ቆሟል። ለእኒያ እናት ነገሩን ለማስረዳት ቃል አጠረኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ ለባልሽ ካልነገርሽው መጀመሪያ ለእሱ ንገሪው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልጁ አብሮሽ ባይሄድም ይጻፍ። አባቱ ጋ ቢኖርም ይጻፍ። የሜዲካል ምርመራውንም ያድርግ። ያኔ በሩ አይዘጋበትም።

ወንዱም ከዚህ አያመልጥም። አገር ቤት በቁርባን አግብቶ፣ በስደት ካናዳ ሲገባ «ያላገባ» ብሎ የፈረመ ሰው ብዙ ነው። «የቀበሌ ወረቀት ስላልነበረን አልቆጠርኩትም» ይላል። በቁርባን የተፈጸመ ጋብቻ በአገራችን ሕግ ጋብቻ ነው። ያንን የካደ ሰው በኋላ ያችኑ ሚስቱን ስፖንሰር ሲያደርግ ያው 117(9) ይጠብቀዋል።

ተቃራኒውም አለ። የእህትን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ ማስገባት። እኛ ዘንድ የእህት ልጅ ልጅ ነው፤ አሳድገነው ከሆነማ የበለጠ። ካናዳ ግን ወይ የተወለደ ወይ በሕግ ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ነው የምትቀበለው። የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠየቅ ይችላል። ውሸት ከተገኘ ፋይሉ ይወድቃል፤ አመልካቹም ለ5 ዓመት ይታገዳል።

በሽማግሌ የፈረሰ ጋብቻ

ሽማግሌ ንብረት አካፍሎ ቢያለያይም የፍቺ ውሳኔ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። አዲሱ ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት የፍርድ ቤቱን ወረቀት ያዙ። ከሠርጉ በኋላ የወጣ የፍቺ ውሳኔ «ሁለተኛውን ስታገቡ የመጀመሪያው አልፈረሰም ነበር» የሚል ጥያቄ ያመጣል። ጥያቄውም ትክክል ነው።

በውክልና መጋባት

ሙሽራው ካልጋሪ ሆኖ ወንድሙ በውክልና የሚፈርምለት ጋብቻ እዚህ ያጋጥማል። ካናዳ ከሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተጋቢዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱም በአካል ያልተገኙበትን ጋብቻ ለኢሚግሬሽን አትቀበልም። በስልክም ሆነ በቪዲዮ ያው ነው። የትኬት ገንዘብ መቆጠብ እንደሆነ ይገባኛል። ግን መምጣት አለበት። ሁለቱም ቆመው ይፈርሙ።

ቀንና ስም

አብዛኛው ሠርጋችን ጥር ላይ ነው። ቀን ማዛባት የሚበዛውም እዚያው ላይ ነው። ጥር 15 ቀን 2015 ያገባ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 23 ቀን 2023 ነው ያገባው። በዓመቱ በዚያው ጥር 15 ያገባው ግን ጃንዋሪ 24 ቀን 2024 ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ቀኑን ገፋችው። ዓመቱንም እንዲሁ 8 ደምሮ መጻፍ አይቻልም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 ከዚያ በኋላ ነው። ባል በራሱ ስሌት አንድ ቀን ይጽፋል፣ ሚስት በስልኳ አስልታ ሌላ ቀን ትጽፋለች፣ እኔ የተረጎምኩት ወረቀት ሦስተኛ ቀን ይዟል። አንድ ጊዜ ተሰልቶ ሁሉም ፎርም ላይ ያው ይጻፍ።

የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ሥርዓቱ የተፈጸመበትን ቀን ይዟል። የወሳኝ ኩነት ወረቀት ላይ ደግሞ የምዝገባ ቀንም አለ። ሁለቱን አታምታቱ። ለየብቻ ምን እንደሆኑ በአጭር ደብዳቤ አስረዱ።

የቁርባን ምስክር ወረቀት ሌላም ጣጣ አለው። የክርስትና ስም ይይዛል። ፓስፖርቷ ላይ «የሽወርቅ» የተባለች ሴት እዚያ «ወለተ ማርያም» ሆና ትገኛለች። ኦታዋ ያለ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? ቤተ ክርስቲያኑ ሁለቱንም ስም ጠቅሶ እንዲጽፍ ለምኑ። ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈው ስም ሁልጊዜ ፓስፖርቱን ይከተል። የባልን ስም የሚስት የቤተሰብ ስም አድርጋችሁ አትጻፉ።

የፈጠራ የፍቅር ታሪክ

ፎርሙ እንዴት እንደተዋወቃችሁ በዝርዝር ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሰዎች ያፍራሉ። ያፈሩበት ምክንያት ደግሞ ያሳዝነኛል። የእኛ አገር ትዳር ብዙው በቤተሰብ ነው። አክስት ታያለች፣ ዘር ይቆጠራል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ልጁ ለጥር መጥቶ ያገባና ይመለሳል። ይህ እውነተኛ ትዳር ነው። አባቶቻችን የኖሩበት ነው። ፎርም ላይ ሲደርስ ግን «ፈረንጅ አይገባውም» ይባልና ጣና ዳር ካፌ ውስጥ የተጀመረ ፍቅር ይፈጠራል።

አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ታሪክ ጻፈ። ሚስቱ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። እንዴት እንደተዋወቁ ስትጠየቅ እውነቱን ተናገረች፦ «አክስቱ ናት ያገናኘችን»። ምስኪን፣ እሱ የጻፈውን እንኳ አላሳያትም ነበር። ትዳራቸው እውነተኛ ሳለ የውሸት ትዳር ተብሎ እምቢታ መጣባቸው።

እውነቱን ጻፉ። ግን አብራሩት። ሽማግሌዎቹ እነማን ነበሩ? ስንት ጊዜ ተመላለሱ? የዘር ቆጠራው ለምን አስፈለገ? ከሠርጉ በፊት በስልክ ምን ያህል ጊዜ ተነጋገራችሁ? ሠርጉ ላይ ማን ማን ተገኘ? የመልሱ ዕለት ፎቶ ይኑርበት። ሽማግሌዎቹ፣ ሚዜዎቹ፣ የሁለቱም ወላጆች የሚታዩበት ፎቶ ሙሽሮቹ ብቻቸውን ከቆሙበት የስቱዲዮ ፎቶ ይበልጣል። ፎቶው ሥር ማን ማን እንደሆነና ቀኑን ጻፉ።

ከሠርጉ በኋላ ያለው ግንኙነትም ይታያል። ገንዘብ በባንክ ይላክ። በሰው እጅ ወይም በጥቁር ገበያ የተላከ ብር ለቤቱ ይጠቅም ይሆናል፤ ለፋይሉ ግን ደረሰኝ የለውም። የቴሌግራምና የዋትስአፕ ጽሑፍ ስልክ ሲቀየር ይጠፋልና ቀድማችሁ አስቀምጡ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የብዙ ባለትዳሮች ጽሑፍ እዚያው ላይ ቆሟል። የማያውቅ ሰው ሲያየው የተኳረፉ ይመስላል። በደብዳቤ አስረዱት፤ በዚያ ጊዜ የተደዋወላችሁበትን የስልክ ሪኮርድም አያይዙ።

የዓረብ አገር ዓመታትን መዝለል

ቤይሩት፣ ዱባይ ወይም ሳዑዲ የሠሩ ሴቶች፣ ሱዳን የቆዩ ወንዶች ይህን ይዘላሉ። በእግር የሄደ ይፈራል፤ ከአሠሪዋ ቤት የጠፋች ታፍራለች። ፎርሙ የሚጠይቀው የ10 ዓመት የግል ታሪክ ግን ክፍተት አይፈቅድም። ከ18 ዓመት በኋላ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የኖሩበት አገር የፖሊስ ወረቀትም ሊጠየቅ ይችላል። ማግኘት ካልተቻለ የሞከራችሁበትን ማስረጃ አያይዙ። ዝም ማለት መዋሸት ተደርጎ ይቆጠራል።

የአሜሪካው ዘመድ ምክር

ሜኒሶታ ያለው ወንድም ሚስቱን ስለወሰደ ለቶሮንቶው ይመክራል። አገሮቹ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሕጋቸው ግን ለየቅል ነው። አሜሪካ በአብዛኛው ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ ገቢ ትጠይቃለች። ካናዳ ለትዳር ጓደኛ ብቻ ከሆነ በአብዛኛው ዝቅተኛ የገቢ ልክ የላትም። ይህን ባለማወቅ ሁለተኛ ሥራ እስኪያገኝ ብሎ ማመልከቻውን ያቆየ ሰው አውቃለሁ። ዓመታት በከንቱ አለፉበት።

ካናዳ የምትከለክለው ሌላ ነው። የአካል ጉዳት ድጋፍ ካልሆነ በቀር የመንግሥት ዕርዳታ ላይ ያለ ሰው ስፖንሰር መሆን አይችልም። ራሱ በትዳር ስፖንሰር የገባ ሰው ቋሚ ነዋሪ ከሆነ 5 ዓመት ሳይሞላው ሌላ የትዳር ጓደኛ መውሰድ አይችልም። ዜግነት የሌለው ቋሚ ነዋሪ ደግሞ ካናዳ ውስጥ መኖር አለበት፤ ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ ስፖንሰር ማድረግ አይሆንለትም። የስፖንሰሩ ፊርማ የትዳር ጓደኛውን ለ3 ዓመት የመደገፍ ግዴታ አለበት፤ ብትፋቱም አይቀርም።

ጉዳይ ገዳይ

ገንዘብ ተቀብሎ ካናዳን በሚመለከት ማማከርና መወከል የሚችለው ካናዳ ውስጥ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የሕግ ረዳት (ፓራሊጋል)፣ የኬቤክ ኖታሪ ወይም የካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ አባል ነው። «ኤምባሲ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚላችሁን ሰው ትታችሁ ውጡ። ትርጉምንም ለዘመድ አትስጡ፤ የቤተሰብ አባል የተረጎመው ተቀባይነት የለውም።

አሻራና ሜዲካል

ሁለቱም የሚሰጡት አዲስ አበባ ነው። ደብዳቤው ከደረሰ ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው። መንገዱ እንደምታውቁት በፈለጉት ቀን የሚኬድበት አይደለም። ደብዳቤው በመጣ በዕለቱ ቀጠሮ ያዙ። መንገድ ከተዘጋ ቀኑ ሳያልፍ ጽፋችሁ ጊዜ ጠይቁ። ፓስፖርት ሊያልቅ ከሆነ ከማመልከቻው በፊት ይታደስ።

እምቢታ ሲመጣ

ሰዉ ያለቅሳል፣ ይናደዳል፣ ጸበል ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቀኑ ይቆጠራል። ስፖንሰሩ ለይግባኝ ያለው ጊዜ የእምቢታው ምክንያት በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ነው። በዚያው ሳምንት ጠበቃ ያነጋግር።

ቪዛው ከወጣ በኋላ

እዚህ ሲደርስ ሰው ይዘናጋል። ቪዛው ወጥቶ ትኬት እስኪቆረጥ ልጅ ሊወለድ ይችላል። ከማመልከቻው በኋላ የተወለደ ልጅ ያው የቤተሰብ አባል ነው፤ መመዝገብና መመርመር አለበት። «እናቱ ትግባና እሱ ይከተላል» የሚለው ምክር መልሶ 117(9) ላይ ይጥላችኋል። ልጁ እንደተወለደ የልደት ካርዱን አውጡ፣ አስተርጉሙ፣ ፋይሉን ለያዘው ቢሮ አሳውቁ። መልስ እስኪመጣ አትብረሩ። ሜዲካሉ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለ12 ወር ስለሆነ ቪዛው ሊያልፍባችሁ ይችላል። ያኔ ሜዲካል ይደገማል፣ ወጪም አለው። ቢሆንም ልጁ ሳይመዘገብ እናትየው አውሮፕላን ላይ እንዳትወጣ።