የኤጀንሲ ሥራ ሲያልቅ አንኢምፕሎይመንት የሚያስከለክሉ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ በኤጀንሲ (ሠራተኛ ቀጥሮ ወደ ሌላ ድርጅት በሚልክ ድርጅት) በኩል መጋዘን ወይም ፋብሪካ ገብቶ የሚሠራ ሰው፣ አንድ ቀን «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ይባላል። ጥፋት የለበትም፤ ሥራው ነው ያለቀው። ቤቱ ገብቶ አንኢምፕሎይመንት፣ ማለትም ሥራ ላጣ ሰው በስቴቱ በኩል የሚከፈለውን ገንዘብ ለመጠየቅ ፎርም ይሞላል። በኋላ የሚደርሰው ደብዳቤ ግን «ሥራህን በፈቃድህ ለቀሃል» ይላል።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ለኤጀንሲው አለመደወል። ያለቀው የተላኩበት ቦታ ሥራ ነው። አሠሪዎ ግን ኤጀንሲው ነው። በብዙ ስቴቶች ሕግ ወደ ኤጀንሲው ተመልሰው ሌላ ሥራ ካልጠየቁ፣ ራስዎ እንደለቀቁ ይቆጠራል። ሚኒሶታ 5 ቀን ትሰጣለች፤ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራሉ። አይዋ ደግሞ 3 የሥራ ቀን። ሁለቱም ስቴቶች ይህ ግዴታ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲነገርዎ ያዛሉ። ስለዚህ «ማን ነገረኝ?» ከማለትዎ በፊት ሲቀጠሩ የፈረሟቸውን ወረቀቶች ገለጥ ገለጥ ያድርጉ። (ያን ሁሉ ክምር ማን አንብቦ ይፈርማል? እኔም አንብቤ አልፈርምም።)

ሱፐርቫይዘሩ ይነግርልኛል ብለው አይተማመኑ። በስልክ ብቻም አይተዉት። ከደወሉ በኋላ «ሥራዬ ዛሬ አልቋል፣ ሌላ ምድብ እፈልጋለሁ» የሚል አጭር ቴክስት ይላኩ። እርስዎ «ደውያለሁ»፣ እነሱ «አልደወለም» ሲሉ ቀንና ሰዓት ያለው ማስረጃ ይኖርዎታል።

ሌላው የአሠሪ ስም ነው። የሠሩት የታወቀ ኩባንያ መጋዘን ውስጥ ቢሆንም፣ ፎርሙ ላይ የሚገባው ደመወዝ የከፈለዎት ነው፤ ቼክዎን ይዩት።

አነጋገርም ጣጣ አለው። በአማርኛ «ሥራ አቆምኩ» ስንል በራስ ፈቃድ መልቀቅም፣ ሥራው አልቆ መሰናበትም ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚው «በራሱ ለቀቀ» ብሎ ቢያስተላልፈው በቃ፣ መልሱ ተበላሸ። «ሥራው ስላለቀ አሰናበቱኝ» ይበሉ።

ኤጀንሲው አዲስ ሥራ ሲያቀርብልዎ ዝም ብሎ እምቢ ማለትም ያስከለክላል። ክፍያው ከበፊቱ በጣም ካነሰ ወይም ቦታው ሩቅ ከሆነ ምክንያትዎን በጽሑፍ ያስቀምጡ። በቂ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የስቴቱ ቢሮ ነው።

ክፍያውን ለማግኘት በየሳምንቱ ለስቴቱ ቢሮ ሪፖርት ሲያደርጉ፣ አንድ ሁለት ቀን ሠርተው ከሆነ ገቢውን በሠሩበት ሳምንት ይጻፉ፤ ቼኩ የገባበትን ሳምንት አይጠብቁ። የሚጻፈውም ታክስ ሳይቆረጥ ያለው ነው። በዚህ ብቻ ገንዘብ መልሱ የተባለው ብዙ ነው።

ከተከለከሉ ይግባኝ ይበሉ። የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ላይ አለ፤ የአማርኛ አስተርጓሚም በነፃ ይጠይቁ። ይግባኙ እስኪታይ ደግሞ ሳምንታዊውን ሪፖርት አያቋርጡ። ቢፈረድልዎ እንኳ ሪፖርት ያላደረጉባቸው ሳምንታት ሊቀሩብዎ ይችላሉ።